ቁጭ ብሎ መሸከም

ቁጭ ብሎ የሚሠራን ሰው የሚያምን የለም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በእኛ ዘንድ ላብ የሌለበት ነገር ሥራ አይባልም። እኔ ስንት ዓመት ዜና ስጽፍ ኖሬ፣ ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ፣ በረንዳዬ ላይ ወንበር አውጥቼ ስጽፍ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ትላለች። «ዛሬም ሥራ አላገኘህም?» ትለኛለች። እየሠራሁ ነው እላታለሁ። ብዕሩን ታየዋለች። ወንበሩን ታየዋለች። ከዚያ «አላህ ይስጥህ» ብላ ትሄዳለች። ምን እንደሚሰጠኝ አትናገርም። ሥራውን መሆን አለበት።

ይህን ያነሣሁት ስለ ራሴ ላወራችሁ አይደለም። ስለ ሃምሳ አለቃ ይመር ነው። ሃምሳ አለቃ ይመር አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው አዳነ። ቁጭ በማለቱ ደግሞ ተከሰሰ። ከሳሹ ማን ይመስላችኋል? ያዳነው ሰው።

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። እኔ የማምነው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ በጽሑፍ ካገኘሁት። የዛሬው ነገር ሁለቱም አለው።

ይመር በውትድርና ዘመኑ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። አብረውት ጡረታ የወጡት ጓደኞቹ በሬ ሲገዙ፣ እሱ ወደ አገሩ ይዞ የመጣው አንድ ሬዲዮና አንድ ጥቅል ሽቦ ነው። ሬዲዮ ስላችሁ ዜና የሚነበብበት አይደለም። እናንተም የምትናገሩበት፣ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ደግሞ ከዓለም ሌላ ጫፍ ሊሆን የሚችለው ዓይነት ነው። ለደስታቸው ሲሉ በእንዲህ ዓይነት ሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች በየአገሩ አሉ። አማተር ይባላሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ፈቃድ ግን አላቸው። ይመርም አለው። በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ከሠርጉ ፎቶ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ። ባለቤቱ ዘይነባ ያቺን ስንዝር እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ሽቦውን ከአንዱ ባሕር ዛፍ ወደ ሌላው ወጠረው። ዘይነባ ሽቦ አየች፤ በማግስቱ ብርድ ልብስ አጥባ አሰጣችበት። ይመር በዚያች ሰዓት በረዶ አገር ካለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር እያወራ ነበር። ሰውዬው ድንገት ጠፋ። ይመር ወጥቶ ሲያይ እርጥቡ ብርድ ልብስ ሽቦውን ጎትቶ አጥሩ ላይ አስተኝቶታል።

«ሰውዬውን ገደልሽው» አላት።

«ብርድ ልብስ ለብሶ ማን ሞቶ ያውቃል?» አለችው።

ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል። ፈረንጁ ምን አለህ? ይመርም እውነተኛ ሰው ነውና፣ በረዶ ነው አለኝ ይላል። ታዲያ አንድ ቀን አያ ሙሄ ይህን ሰሙ። አያ ሙሄ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፤ ነገር አያሳልፉም። «በበረዶ አገር በረዶ መሆኑን ለማወቅ ነው ይህ ሁሉ ሽቦ?» አሉ። ሰፈሩ አንድ ወር ሙሉ በዚህ ሳቀ።

ይመር አይናደድም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ይህ ለክፉ ቀን ነው ይላል። ሰው ባሕር ላይ፣ ተራራ ላይ፣ በረሃ ላይ ሲጠፋ፣ ስልክ በማይደርስበት ቦታ፣ ስንቱን ሰው አማተሮች እንዳወጡት ይተርካል። እኛም እናዳምጣለን። ባሕር የለንም። ገደል ግን አለን፤ ከገደሉም ወዲያ ጫካ አለን። ጫካችን ደንቆሮ ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ ስልክ አለመስማቱን ግን ራሴ አረጋግጫለሁ።

አሁን ስለ ቅሬ ልንገራችሁ። ወሎ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሌላ አገር ለሆናችሁ፣ እድር በሉት፤ ግን ጡንቻ ያለው እድር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ነው። ሰው ሲሞት፣ ሲታመም፣ ቤት ሲቃጠል ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባ ከተነፋ ማረሻም ቢሆን ጥለህ ትወጣለህ። ከቀረህ፣ ቀብርም ይሁን ሰደቃ፣ ለሦስት የቅሬ ጉዳይ ውኃ ትቀዳለህ። ሦስት ጊዜ ከቀረህ ከመዝገብ ትሰረዛለህ። መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የታሰረ ሰው ይፈታል። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ግን እሳት የሚያጫጭረው ጎረቤት የለውም። ሲሞትስ? እሱን ማሰብ አያስፈልግም። የተሰረዘ ሰው መሞት አይችልም፤ የሚያነሣው የለማ።

ይመር ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ምክንያቱን ስነግራችሁ እንዳትስቁ። ሬዲዮው ላይ ተቀምጦ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር። ከሰባት ባሕር ማዶ የሚያንሾካሹከውን ይሰማል፤ መስኮቱ ሥር የሚነፋውን ጥሩምባ አይሰማም። ሁለት ጊዜ ውኃ ቀዳ። ሦስተኛው ስረዛ ነው። ዘይነባ ከዚያ ወዲህ ማዳመጫውን እየደበቀችበት ነበር።

እሱ ግን ቅሬውን አልተቀየመም። እንዲያውም አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ወንድሞቹ ሦስት የእጅ ሬዲዮ ሲሰጡት፣ ለቅሬው ትምህርት እሰጣለሁ አለ። አንድ እሑድ ቅሬው በሚሰበሰብበት ወይራ ሥር ሰበሰበን። ትምህርቱ አጭር ነው። ስትናገር ቁልፉን ተጫን። ስትጨርስ ልቀቅ። ሌላው ሲናገር አትንካው፤ ከነካኸው እሱን አትሰማውም። በቃ።

ይህ ለእኛ ከባድ ሆነ። ለምን? እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ሰው ሲያወራን ዝም ብለን እንሰማለን? «እህ» እንላለን። «እሺ» እንላለን። «ውይ» እንላለን። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ተቀይሟል። የቅሬው ጸሐፊ መሪጌታ ጥበቡ ደግሞ ጨዋ ሰው ናቸው። ይመር በሬዲዮው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ያናግራቸዋል፤ እሳቸው በየዐረፍተ ነገሩ ቁልፉን እየተጫኑ «እህ» ይላሉ። ይመር ወሬውን ጨርሶ ሲመጣ፣ መሪጌታ የሰሙት የመጀመሪያውን ቃልና የመጨረሻውን ብቻ ነው። በመሃል የነበረውን ሁሉ የራሳቸው እህታ በልቶታል።

«ዝም ልበል እንዴ? ምን ትለኛለህ?» አሉ።

«ዝም ካሉ ነው የሚሰሙኝ» አላቸው ይመር።

መሪጌታ ይህን ለመልመድ ሦስት እሑድ ፈጀባቸው። በመጨረሻ ግራ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መስማት ቻሉ።

አሁን ወደ በቅሎዋ እንሂድ። አያ ሙሄ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከአጅባር ገበያ አዲስ በቅሎ አመጡ። በቅሎዋ መካነ ሰላምን አልወደደችም። በሦስተኛው ቀን ገመዷን በጥሳ ወደ አጅባር ጉዞ ጀመረች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። አያ ሙሄ ይህን ተረት በሰው ላይ ሲፈርዱ ይጠቀሙበታል፤ በራሳቸው በቅሎ ላይ ግን አላዋሉትም። ማለዳ ተነሥተው ዱካዋን ተከትለው ወደ ጫካው ወረዱ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በቅሎዋ ብቻዋን መጣች። ጀርባዋ ላይ የአያ ሙሄ ጋቢ አለ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ይዘዋታል፤ ጋቢያቸውን ጭነውባታል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሆነዋል። ያለ ጋቢ፣ በነሐሴ ብርድ፣ ገደል ውስጥ።

ጥሩምባው ተነፋ። በዚያ ቀን ከተማው መብራት አልነበረውም። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል። ይመር ማዳመጫ አላደረገም፤ ጥሩምባውን ሰማ። ሦስቱን ሬዲዮ ይዞ ወጣ። አንዱን ለዘይነባ ሰጣት፤ ቤታቸው ከሆስፒታሉ አጥር አጠገብ ነው። አንዱን ለመሪጌታ ሰጣቸው፤ ከሸክሙ ጋር የሚወርዱት እሳቸው ናቸው። አንዱን ራሱ ያዘ።

ቃሬዛውን ይዘን ጋራው ጫፍ ስንደርስ ይመር ቆመ። እኔ ከዚህ አልፍም አለ። ለምን ቢባል፣ ይህች ሬዲዮ ተራራ አትበሳም፤ ገደል ውስጥ ያለውና ከተማ ያለው አይሰማሙም፤ ሁለቱንም የሚያይ ሰው መሃል ላይ መቀመጥ አለበት አለ።

ከዚህ ሁሉ ንግግር ሰዉ የሰማው አንድ ቃል ነው። መቀመጥ።

«መቀመጡንስ ማን ይጠላል?» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳቀ።

አንዱ ጎረቤቱ ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ ሦስተኛህ ነው እኮ አለው በጆሮው። ይመር አውቃለሁ አለ። ከዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጦ ተቀመጠ፤ ጋቢውን ተከናነበ፤ ከኪሱ ቆሎ አወጣ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ከአሥር ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። የሙያ ልማድ ነው፤ ምን እንደሚያስከትል አላሰብኩም።

በአስታው ቁጥቋጦ መሃል፣ በጭጋጉ ውስጥ እየተጣራን ወረድን። አያ ሙሄን ወንዙ ዳር አገኘናቸው። ድንጋይ ተደግፈዋል። ቀኝ እግራቸው ከጭኑ ላይ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አያ ሙሄ የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ግን ትንሽ ሽማግሌ ነበሩ።

«በቅሎዋ ገባች?» አሉ።

ገብታለች አልናቸው። «አልሃምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አብሮን ወጌሻ ነበር። የዘይነባ ታናሽ ወንድም ነው። እጅጌውን ሰበሰበ። ጎትቼ ቦታው እመልሰዋለሁ አለ፤ ሁለት ሰው ብብታቸውን እንዲይዝ አዘዘ። መሪጌታ በዚህ መሃል ሬዲዮውን ተጭነው ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ለቀቁ። ግራ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጠበቅን። መሪጌታ ለይመር፣ ይመር ለዘይነባ፣ ዘይነባ በአጥሩ በኩል ለነርሷ። መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ፤ በይመር ድምፅ፣ ቃል በቃል። «ነርሷ እንዲህ ብላለች። አትጎትቱት። የጭን አጥንት ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። እንዳለ በሁለት እንጨት እሰሩት። ሰውነቱን አሙቁት። በአፉ ምንም አትስጡት። የእግሩን ጣት በየግማሽ ሰዓቱ እያያችሁ ንገሩኝ፤ እንዳይቀዘቅዝ፣ እንዳይጠቁር።»

ወጌሻው ደስ አላለውም። ነርሷ እዚህ የለችም አለ። ሬዲዮው እንደገና ተንኮሻኮሸ።

«ዘይነባ ደግሞ እንዲህ ብላለች። ያ ወንድሜ ከነካው እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

ወጌሻው እጅጌውን ዘረጋ። እንጨት ቆርጦ አመጣ። ጥሩ አድርጎም አሰረው፤ እጁ ብልህ ነው።

ቃሬዛው ላይ ስናወጣቸው አያ ሙሄ በሕመሙ ላብ አጠመቃቸው። ትንሽ ቆይተው ግን ዓይናቸውን ገለጡ። ምን የሚሉ ይመስላችኋል? ውኃ? ልጆቼን አደራ? «መሪጌታ» አሉ፤ «መዝገቡን ይዘውታል? ማን ማን ቀርቷል?»

መሪጌታ ይዘውታል። ጠሩ። ሁሉም አለ፤ ከአንድ ሰው በቀር።

«ይመር የት አለ?» አሉ አያ ሙሄ። መሪጌታ ሬዲዮውን ወደ አፋቸው አስጠጉላቸው።

«ጋራው ላይ ተቀምጫለሁ» አለ ይመር።

«ተቀምጫለሁ አለ» አሉ አያ ሙሄ። «ይጻፉ።»

መሪጌታ ጻፉ። ቃሬዛውን አነሣን።

ሐሳባችን ወንዙን ተከትለን ወደ ታች መውረድ ነበር። የሆስፒታሉ መኪና እስከ ወንዙ መሻገሪያ ድረስ ይመጣል፤ ሸክሙም ቁልቁለት ነው። ሩብ ሰዓት እንደሄድን ይመር ጠራን። ሾፌሩ መሻገሪያውን ጎርፍ ይዞታል ብሏል፤ መኪናው ከላይ ትምህርት ቤቱ ደጅ ይጠብቃችኋል፤ ተመለሱ። ተመለስን። ዳገት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሎሚ ዳገት ላይ አይከብድም። ስምንት ስምንት እየሆንን ተቀያየርን። በየግማሽ ሰዓቱ የአያ ሙሄን የእግር ጣት አይተን ተናገርን። አሥር ሰዓት ሲሆን ትምህርት ቤቱ ደረስን። መኪናው ሞተሩን አሙቆ ቆሟል።

አያ ሙሄ ያን ዕለት እኛው ከተማ፣ በማግስቱ ደሴ ገቡ። እግራቸው ታከመ። ሐኪሙ፣ ጎትተውት ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደርሱም ነበር ማለቱን ከልጃቸው ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን ልጃቸውንም ጠይቄ ያንኑ ነግሮኛል።

ኅዳር ላይ በሁለት ምርኩዝ ተመልሰው መጡ። ሰፈሩ ተደሰተ። በመጀመሪያው እሑድ ቅሬው ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ከምርቃቱ በኋላ አያ ሙሄ መዝገቡን አስገለጡ።

«ይመር» አሉ። «ሦስተኛህ ነው።»

ሰዉ መሳቅ ጀመረ። አያ ሙሄ አልሳቁም። ያኔ ሳቁ ቆመ። ዘይነባን አየኋት፤ ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

ይመር ተነሣ። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሥራ ላይ ነበርኩ አለ።

«ያዳንከኝ አንተ ነህ» አሉ አያ ሙሄ። «ልጆቼም ያውቃሉ። ወላሂ ዱአ ሳላደርግልህ ያደርኩበት ሌሊት የለም። እሱ ግን የኔ ጉዳይ ነው። ይህ የቅሬ ጉዳይ ነው። ሸክም ላይ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«ትከሻህን ያየ አለ?»

አያ ሙሄ ወደኔ ዞሩ። አንተ ያየኸውን ትጽፋለህ አሉኝ፤ እስቲ ምን ጽፈሃል? ማስታወሻዬን አወጣሁ። ምን ላድርግ? አነበብኩ። አምስት ሰዓት ከአሥር። ይመር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቆሎ አወጣ።

አንድም የተሳሳተ ቃል የለበትም። ስቀመጥ ግን አጠገቤ የነበረው ሰው ትንሽ ፈቀቅ አለ።

«ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ። ዘይነባ ናት። ብድግ አለች። እጇ ላይ ሰማያዊ ደብተር ይዛለች።

አማተሮች አንድ ልማድ አላቸው። የሰሙትንና ያሉትን ከነሰዓቱ ይመዘግባሉ። ይመር ለሚስቱ ይህን አስተምሯታል። እሷ ደግሞ ያስተማሯትን የምትሠራ ናት፤ ፈቃዱን ከሠርጉ ፎቶ በላይ መስቀሉን ብትቃወምም።

«አያ ሙሄ፣ ላንብብልዎ?» አለች። አንቢ አሏት።

አነበበች። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ። ወጌሻው ሊጎትት ነው። ነርሷ፣ አትጎትቱ። እዚህ ላይ ወጌሻው አንገቱን ደፋ። ሰባት ሰዓት ከሃያ። ሾፌሩ፣ መሻገሪያውን ጎርፍ ይዞታል። ሰባት ከሃያ ሁለት፣ ይመር ለመሪጌታ ነገረ። ሰባት ተኩል፣ የእግር ጣት፣ ሞቅ ያለ። ስምንት፣ የእግር ጣት፣ ሞቅ ያለ። ስምንት ተኩል፣ እንዲሁ። ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ይመር፣ እዚህ በረዶ ነው። ዘይነባ፣ ውረድ። ይመር፣ ከወረድኩ አይሰሙም።»

ገጹን ገለጠች።

«ዘጠኝ ተኩል። ይመር፣ አሁንም በረዶ ነው። የእግር ጣት፣ ሞቅ ያለ።»

ደብተሩን ከደነችው። እኛ ከታች በጫካው ውስጥ ነበርን፤ ያ በረዶ ቅጠሉ ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰምተን ዝናብ ነው ብለናል። ጋራው ላይ ጣሪያ እንደሌለ ያሰበ አልነበረም። ከራስ በላይ ነፋስ የሚባለው፣ እሱ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

አያ ሙሄ ተሸካሚዎቹን ጠየቁ። እስከ መሻገሪያው ወርደን ጎርፉን አይተን ብንመለስ ስንት ሰዓት ይወስድ ነበር? ይመሽብን ነበር አልን።

«ይህ ሰው ከመሃል ተነሥቶ ቃሬዛ ቢይዝ፣ ስለ ጎርፉ የሚነግራችሁ ማን ነበር?»

ማንም።

«እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው» አሉ። «ቅሬ ሲወጣ ሬዲዮ ይዞ ጋራ ላይ የተቀመጠ፣ እንደ ተሸከመ ይቆጠራል። የይመር ስም ከቀሪዎች ይፋቅ፤ ያለፉት ሁለቱም አብረው ይፋቁ። በረዶውን በተመለከተም» ብለው ቆም አሉ፤ «በረዶ መሆኑን ለማወቅ ያ ሁሉ ሽቦ ያስፈልጋል። ተናግሬው ከሆነ አውፍ በለኝ።»

ይመር አውፍ አለ፤ ይቅር አላቸው። ሰዉ ሊነሣ ሲል አያ ሙሄ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

«አልጨረስኩም። ቆሎውን ብቻውን በልቷል። ለቆሎው ቅሬውን ያብላ።»

በሚቀጥለው እሑድ ዘይነባ አንድ ቁና ቆሎ ቆልታ አመጣች። እየዘገንን ተመረቅን። እኔም ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ቢሆን ኖሮ ስለ ሬዲዮ ጥቅም አንድ ደህና ጽሑፍ ጽፌ አሳርፋችሁ ነበር።

አላለቀም።

ጥር ላይ ዘይነባ ገደሉ ውስጥ ወዳለ መንደር ለሠርግ ወረደች። ሬዲዮ ከቦርሳዋ አይጠፋም፤ ሌላኛውን ሰፈሩ በየተራ ጋራው ጫፍ እየወጣ ይይዘዋል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠራች። እግሬ ዞሯል፤ አልሞትኩም፤ ግን ጫማዬ አልገባ አለኝ አለች። ጥሩምባ ተነፋ።

እንደዚያ ቀን ቅሬ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። የቀረ የለም። ሁሉም ይሮጣል። እኔም ከመሪጌታ፣ ከይመርና ከወጌሻው ጋር ቃሬዛውን ይዘን ወረድን። ሌላው እየተከተለን መስሎናል። ዘይነባን ቃሬዛው ላይ አድርገን ዞር ስንል ግን አራታችን ብቻ ነን።

ቀና ብለን ወደ ጋራው አየን። ጋራው በጋቢ ነጭ ሆኗል።

ነገሩን በኋላ አጣርቻለሁ። ሬዲዮውን የያዙት አያ ሙሄ ናቸው፤ በበቅሎዋ ነው የወጡት፤ እግራቸው ገና ነውና የሚገባቸው ቦታ ነው። አንድ ሰው ደግሞ መለዋወጫ ባትሪውን ይዟል። ሌላው ባትሪ ያዡ እንዳይደክመው ሊተካው ነው። ሁለት ሰው ሬዲዮውን ፀሐይ እንዳይመታው ጃንጥላ ይዘዋል። አንዱ ቃሬዛው የት እንደደረሰ ያመለክታል። አንዱ ያመለከተው ትክክል መሆኑን ያያል። የቀሩት ዝምታ ያስከብራሉ፤ ሬዲዮ ዝምታ ይፈልጋል ተብለው ተምረዋል። ድንጋዩ አልበቃ ብሎ በኋላ የመጡት ቆመው ተቀምጠዋል ለማለት ይቻላል።

አራት ሰው፣ አራት እጀታ፣ መቀያየሪያ የለም። ይመር ከፊት ነበር። እንደዚያ ሲያልበው ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አንተማ መቀመጫህ እዚያ ነበር ስለው፣ ቦታ አጣሁ አለኝ።

ዘይነባ ሬዲዮውን ደረቷ ላይ፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። አያ ሙሄ ናቸው።

«መሪጌታ መዝገቡን እዚህ ትተውት ነው የወረዱት። እኔ ጠራሁ። ማሻአላህ፣ ሁሉም ጋራው ላይ አለ። አራት ሰው ብቻ ቀርቷል። መሪጌታ ራሳቸው፣ ይመር፣ ወንድምሽና ጋዜጠኛው።»

«አያ ሙሄ» አለች ዘይነባ፤ «እነሱ እኮ ተሸክመውኛል።»

«ከዚህ ዛፉ ይጋርዳል» አሉ። «ትከሻቸውን ያየ አለ?»

ዘይነባ ከቃሬዛው ላይ ወደኔ ዞረች። አንተ የምስክር ሰው ነህ፣ በል እንጂ አለችኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ነገርኳት። ሰው ለራሱ አይመሰክርም። ታማሚውም ለተሸካሚው ቢመሰክር ወገንተኛ ይባላል። ይመር እየሳቀ ትንፋሽ አጠረው፤ ቃሬዛውን አሳረፍን። መሪጌታ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ለመስማት ይሁን ላለመሳቅ አላወቅሁም። ዘይነባ ግን ደብተሯን ገልጣ ጻፈች። አምስት ሰዓት ከሃያ። አያ ሙሄ፣ አራት ሰው ቀርቷል። ተሸካሚ፣ አራት።

ደብተሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል። እስከዚያ ግን ቅጣት ቅጣት ነው። ባለፈው ሳምንት አያ ሙሄ ለእግራቸው መዳን ሰደቃ አወጡ። አራታችን ውኃ ቀዳን፤ ይመር በሁለት ጀሪካን፣ እኔ በአንድ። ከምንጩ ወደ አያ ሙሄ ቤት ሲኬድ በኔ ደጅ ነው የሚታለፈው። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ጀሪካኑን አየች። ላቤን አየች። ፊቷ በራ።

«አልሃምዱሊላህ» አለች። «ሥራ አገኘህ?»